ጅረት ውስጥ የቀረው ሽመል

የዕድራችን ጸሐፊ «አሥር አለቃ፣ የሥራ ዘመንህን ታሪክ በሁለት ገጽ ጻፍልን፤ በስንብትህ ቀን ለአባላት እናነበዋለን» ብሎኝ ነበር። ጻፍኩለት። ስንት ጣሪያ እንዳቆምኩ፣ ስንት በር እንደገጠምኩ፣ ዕድሩን ስንት ዘመን እንደመራሁ ሁሉ አለበት። ሐሩን የሚባል ሰው ግን አንድም ቦታ የለም። አሁን የምጽፈው ያንን ወረቀት ለማረም ነው፤ ሁለት ገጽ አይበቃውም።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ሰው ስቀና ኖሬያለሁ። ሰውየው ሰላም ብሎኝ ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ልጁ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች ሲባል የእኔ ምሳ አልወርድ ይላል። ባለቤቴ እታገኝ «አንተ ሰው፣ ይሄ ሐሩን በልቶ ይጨርስሃል» ትለኝ ነበር። ሐሩን እኮ አንድ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እሱም አንዱ ጥፋቱ ነበር።

ይመር እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። ወታደር ሳለሁ መሐንዲስ ክፍል ነበርኩ። በግንድ ድልድይ መሥራት፣ ምሽግ በእንጨት መደገፍ እዚያ ተማርኩ፤ ከጠመንጃው ይልቅ መጋዙን ይዤ ነው የዋልኩት። ሠራዊቱ ሲበተን ሁለት የግራ እግር ጣቶቼን አጥቼ፣ የአሥር አለቃነት ማዕረጌን ብቻ ይዤ እናቴን ፍለጋ አሶሳ ገባሁ። ቤተሰቤ ከድርቁ በኋላ በሰፈራ መጥቶ ነበር። እናቴ አቅፋኝ አልቅሳ ስትጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሙያ አለህ?» ብላ ነው። አለኝ አልኳት። በዚያ ሰሞን አሶሳ ገና መሠራቷ ነበርና አናጢ አይተርፍም፤ ወዲያው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአናጢዎች ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ እንኳ አይወራም።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ተካ የቡለን ሰው ነበሩ፣ ሺናሻ። ቀጭን ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ልኬት ወረቀት ላይ አይጽፉም። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቀጭን ዘንግ ይመድቡና የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የጣሪያ ተሸካሚውን፣ የካፕሪያታውን፣ ልክ በቢላ እየጫሩ ያስቀምጡበታል። ቤቱ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ እንኳ በር ተሰበረ ቢባሉ ዘንጉን ከጣሪያው ሥር መዝዘው ያወጣሉ። የተላገ እንጨት እጃቸውን ሳይታጠቡ አይነኩም። ጣሪያ ሲያልቅ ደግሞ ምሳቸውን አስመጥተው ከሥሩ ይበላሉ፤ ከዚያ ጀርባቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ወደ ላይ እያዩ ይተኛሉ። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። ሲነሡ ወይ «ይሁን» ይላሉ፣ ወይ በጣታቸው አንድ መጋጠሚያ ያሳያሉ፣ እሱን እናፈርሳለን። ከ«ይሁን» ያለፈ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እኛም ለዚያች «ይሁን» ስንል ነበር ጥፍራችን እስኪነቀል የምንሠራው።

ሐሩን የመጣው ከእኔ በኋላ ነው። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ከእኔ በኋላ። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አባቱ በሽመል ጎተራ፣ አልጋና ግድግዳ እየሠሩ ያደሩ ሰው ናቸው። ሽመል የምንለው እንግዲህ የቆላውን ቀርከሃ ነው። ሐሩን ሲመጣ አማርኛው ገና ነበር፣ መላጊያ ይዞ አያውቅም፣ ሜትር ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ውለታ ውያለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ።

አንድ አሮጌ ጤና ጣቢያ አፍርሰን ስንሠራ ከድሮው ጣሪያ የወረዱትን ወፋፍራም እንጨቶች መልሰን ልንጠቀምባቸው ነበር። እኔ አንድ በአንድ አየኋቸው፣ በመሮ ወጋ ወጋ አደረግሁ፣ «ጤነኛ ናቸው» ብዬ መዘገብኩ። ሐሩን መጣና አንዱን በአንድ ጫፉ አንሥቶ ሌላው ግንድ ላይ ለቀቀው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አራተኛው ላይ ሲደርስ «ይሄ ባዶ ነው» አለ። ሳቅሁበት። ጋሽ ተካ ፍለጡት አሉ፤ ሲፈለጥ ውስጡን ምስጥ ጨርሶ በአፈር ሞልቶታል። ያኔ ጋሽ ተካ ወደ ሐሩን ዞረው «እንዴት አወቅህ?» አሉት።

«ሲወድቅ አይመልስም» አለ ሐሩን፣ በእጁ ነጠር የሚል ነገር እያሳየ። «ደህና እንጨት ሲወድቅ ይመልሳል።»

እንዴት አወቅህ! ጋሽ ተካ ሰውን እንደዚያ ጠይቀው አያውቁም፤ ሁልጊዜ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን እኔንም እንዲጠይቁኝ ያልሞከርኩት ዘዴ የለም። አንድ ጊዜ ስለ ሙጫ የማውቀውን ሁሉ ሳይጠይቁኝ ዘረገፍኩላቸው። አዳምጠው አዳምጠው «ይሁን» አሉኝና ሄዱ። ሐሩን ግን ዝም ብሎ እንደቆመ ነው የሚጠየቀው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የመማሪያ ክፍል እንድንሠራ ታዘዝን። ባሕር ዛፉን ምስጥ ስለማያስተርፈው ካፕሪያታው በሽመል ይሁን ተባለ፣ በላዩ ቆርቆሮ። በመስከረም ትምህርት ሊጀመር ነው፣ የላይ አለቆች ይወተውታሉ። በዚሁ መካከል ጋሽ ተካ ወንድማቸው አርፎ ወደ ቡለን ሄዱ፤ ሐሩን ለጤና ጣቢያ መደርደሪያ ሊሠራ ባምባሲ ተላከ። ክፍሉ በእኔ እጅ ወደቀ። ደስታዬን አልደብቅም።

ሐሩን ከመሄዱ በፊት ይዞኝ ወደ ጅረቱ ወረደ። ውሃው ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ብዙ ሽመል ተኝቷል፤ ጠቁሯል፣ ይሸታል።

«አሥር አለቃ፣ ለትምህርት ቤቱ ይሄ ነው። በጋ ቆረጥኩ። ጨረቃ ሲጠፋ ቆረጥኩ። ሦስት ዓመት ያለፈው ብቻ። አሁን ውሃ ውስጥ ስኳሩ ይወጣል፣ ነቀዝ አይበላውም። አንተ አውጣ፣ ጥላ ውስጥ አድርቅ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«ጨረቃዋ ደግሞ ምን አገባት?»

«ወላሂ፣ እኔ አላውቅም። አባቴ እንዲህ ይሠራል።» ሳቀ። «አዲሱን እንዳትቆርጥ ብቻ። አዲሱ ቆንጆ ነው፣ ግን ልጅ ነው።»

ሰውየው በንጹሕ ልብ ነው የነገረኝ። እኔ ግን እዚያ ጅረት ዳር ቆሜ ያሰብኩት ሌላ ነው። ጋሽ ተካ ተመልሰው ከዚያ ጣሪያ ሥር ሲተኙ ታየኝ። ወደ ላይ ያዩና ይህን ጥቁር ሽመል ያውቁታል፣ ከዚያ ሐሩንን ይጠሩታል። እኔ ላቤን አፍስሼ ባቆምኩት ጣሪያ ሥር ሐሩን ሊጠየቅ! ይህ ሽመል ከገባ ጣሪያው የሐሩን ነው አልኩ በሆዴ።

ሽመሉን ጅረት ውስጥ ተውኩት። በሰኔ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ሰው ይዤ ወንዝ ዳር ወርጄ አዲሱን አስቆረጥኩ። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ያለ ነው። ቶሎ ይታጠፋል፣ ለመጋዝ ይመቻል። ቆራጮቹ ውስጥ የነበሩ አንድ የበርታ ሽማግሌ «ይሄ ገና ነው» ቢሉኝ «አባባ፣ መስከረም አይጠብቀንም» አልኳቸው። ለማማር ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ወጠርኩበት። በነሐሴ መጨረሻ አስረከብኩ፣ ወላጆች እልል አሉ፣ እጄን የጨበጠኝ ሰው ብዛቱ! ጋሽ ተካ ከቡለን የተመለሱት ታመው ነበርና ከዚያ ጣሪያ ሥር ሳይተኙ ቀሩ። እኔም ከተረከቡ በኋላ ምን ያደርጋል እያልኩ አዘናጋኋቸው።

ሐሩን ግን ከባምባሲ እንደመጣ ጠየቀኝ። «ሽመሉ ውሃ ውስጥ አለ። ለምን?»

«ከዚያ የተሻለ አገኘሁ።»

«ሄጄ ልየው?»

«ተማሪዎች ገብተዋል፣ አትረብሻቸው።»

ከወር በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ፤ አሁንም ከለከልኩት፣ የበላዩ ነበርኩና። እሱም የራሱን ሽመል ከጅረቱ አውጥቶ፣ አድርቆ፣ ወርክሾፑ ጥግ ጥላ ውስጥ ደረደረው። በየቀኑ ስገባ ስወጣ አየዋለሁ።

ነቀዙ ሥራውን የሠራው ከኮርኒሱ በላይ ነው። የሽመሉ ዱቄት ከረጢቱ ላይ ሲጠራቀም ከታች ማን ያየዋል? በሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ጣሪያው ወረደ። ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ስለነበር ተረፉ። ደብተር ታርም የነበረችው መምህርት ዘነበች ግን ከሥሩ ነበረች፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ድኖም አልቀናም፤ እስከ ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው በግራዋ ነው።

ስደርስ ልጅቷን ወስደዋታል። አንዱን ሽመል አነሣሁ፣ በእጄ ስይዘው ተፈረፈረ። ዱቄቱ መዳፌ ላይ ቀረ። ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስቀመጡና ጠሩኝ።

«ሽመሉን ያዘጋጀው ማነው?» አሉ።

«የሽመል ሥራ የሐሩን ነው» አልኩ።

ይህችኑ ብቻ ነው የተናገርኩት። ብትመረምሯት ውሸት ናት ለማለት ትቸግራለች፤ እኔም ብዙ ዓመት በዚህ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ሐሩን ተጠራ። ጅረቱ ውስጥ ሽመል ተኝቶ እንደነበር ሰው ነግሯቸው ኖሮ «ሽመሉን ውሃ ውስጥ ነክረሃል?» ሲሉት «አዎ፣ ነክሬያለሁ» አለ። እኔን አየኝ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ስል፣ አንገቱን ደፋ። «ውሃ ውስጥ ቆይቶ የበሰበሰ ሽመል በመጠቀም» ብለው ጻፉ። ከአናጢነት አንሥተው ዘበኛ አደረጉት።

ክፍሉን መልሰው የሠሩት ጋሽ ተካ ራሳቸው ናቸው፣ ከእኔ ጋር። ምንም ሳይሉ ወርክሾፑ ጥግ ወደተደረደረው ጥቁር ሽመል ሄደው አስጫኑት። ሽመሉ ከየት እንደመጣ አያውቁም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያ ጣሪያ ዛሬም ቆሟል፤ ምስጥ የለ፣ ነቀዝ የለ። ሰው ሁሉ «የአሥር አለቃ ይመር ጣሪያ» ይለዋል። ጋሽ ተካ ሲያርፉ ክፍሉን እኔ ተረከብኩ። ዕድራችን ሲቋቋምም ሊቀመንበር ያደረገኝ ያ ጣሪያ ነው። ለክርስቲያኑ ሣጥን፣ ለሙስሊሙ ቃሬዛ በእጄ ሠርቻለሁ፣ ለሰፈሩ ቦኖ ውሃ አስገብቻለሁ፣ የድንበር ጠብ አስታርቄያለሁ። ይህንን ሥራ በቅንነት ሠርቻለሁ፤ አልክደውም።

በዘበኛውስ መቅናቴን ተውኩ? የት ተውኩ! ሐሩን በር ላይ ተቀምጦ ትርፍ ሰዓቱን በሽመል ወንበር ይሠራ ጀመር። አለቆቹ ሳይቀሩ ቆመው ያዩታል፣ ያዝዙታል። እኔ ቢሮ ውስጥ ሆኜ የሳቃቸው ድምፅ ይሰማኛል። ሥራውን ለቆ ጉባ ሲሄድ ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ሕዳሴ ግድብ ላይ ለኮንክሪት ቅርጽ የሚሠሩ አናጢዎች ፎርማን ሆነ ተባለ። ቆብ አድርጎ የተነሣው ፎቶ ማንኩሽ ካለች እህቱ ቤት ዞሮ ዞሮ እኔ ቤት ደረሰ። እታገኝ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነበር። «አገር የሠራ ሰው ነው» አለችኝ። ሁለት ቀን አላናገርኳትም።

ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ ሲል ሊቀመንበርነቱን ለቀቅኩ። ስብሰባው እሑድ ጠዋት ከማንጎው ሥር ሆነ። ሐሩንም ሥራውን ጨርሶ አሶሳ ከተመለሰ ዓመት ሆኖታል፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ከኋላ ተቀምጧል። ጸሐፊው ሁለት ገጼን አነበበ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ጋ ሲደርስ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ጥቆማ ተጀመረ፤ አንዱ ተነሥቶ «አዳራሽ ልንሠራ አስበናል፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል። አቶ ሐሩንን ጠቁሜያለሁ» አለ።

መምህርት ዘነበች ተነሣች። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ግማሹን ሰፈር አስተምራለች።

«በሰውየው ጠባይ ቅሬታ የለኝም» አለች። «ግን ይህን እጄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእሳቸው ሽመል ነው እንዲህ የሆነው። አዳራሽ ሊያሠሩ ነው ስትሉ እኔ እጄን አላወጣም፤ እናንተም አስቡበት።»

ማጉረምረም ሆነ። ጠቋሚው «እንግዲያስ ልተወው» አለ። ሐሩንን አየሁት፤ እንደዚያኔው አንገቱን ደፍቷል። ሌላ ጥቆማ አለ ወይ ሲባል ሰማሁ። ወሬው እዚያው ሊያበቃ ነበር፤ ሐሩንም ጣሪያ ያፈረሰ ሰው እንደተባለ ሊሞት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሩ ለስንብቴ የገዛልኝን ጋቢ ለብሼ ልሄድ ነው። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተነሣሁ።

«መምህርት» አልኩ፣ «ያ ሽመል የሐሩን አይደለም። እኔ ነኝ በክረምት ያስቆረጥኩት። የሱን ጅረት ውስጥ ትቼው ነው። ዛሬ የቆመው ጣሪያ ነው የሐሩን ሽመል። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ በሱ አላከክሁ።»

«ለምን?» አለች።

«ቀንቼ።»

እሷ እኔን ትታ ወደ ሐሩን ዞረች። «ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም አሉ? ስንት ዘመን በክፉ ዓይን ሳይዎት!»

ሐሩንን አጠገቡ ያሉት ጎሸም ጎሸም አድርገው አስነሡት።

«ጣሪያው ሲወድቅ ጋሽ ተካ የኔን ሽመል ወርክሾፕ ውስጥ አየ። ሁሉ ነገር ገባው። ኮሚቴ ሲመጣ ልናገር ስል አስቀድሞ ጠራኝ። ‹ይመር ይሄን ነገር አይችልም፣ ይሰበራል። አንተ ትችላለህ› አለኝ። ከዚያ ‹ታዝንብኛለህ?› አለ። አዎ፣ አዝናለሁ አልኩ። ግን እሺ አልኩ። መምህርት፣ አንተ ይቅር በለኝ፤ እውነቱን ላንተ መናገር ነበረብኝ።»

መምህርት ዘነበች አንተ መባሏንም ልብ አላለችው። «እኔ ለአቶ ሐሩን እጄን አወጣለሁ» አለች። ለእኔ ደግሞ ሳታየኝ «ለእርስዎ ዛሬ ምንም የምለው የለኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እጅ ይውጣ ተባለ። ቆጠርኩ፤ ልማዴ ነው። እኔ በተመረጥኩባቸው ዘመናት ሁሉ ያን ያህል እጅ ወጥቶልኝ አያውቅም። የራሴን ጨምሬ ነው። ጸሐፊው የተገዛልኝን ጋቢ ታጥፎ እንዳለ ይዞ ግራ ገብቶት ሲቆም፣ «ተወው» አልኩትና ወጣሁ።

እታገኝ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «አብሽር፣ አወጣኸው፣ ተገላገልክ» አለችኝ። የመምህርት ዘነበች እጅ አስጨንቆኝ ዝም ያልኩ መስሏታል። ሊያስጨንቀኝ የሚገባው እሱ ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ የማስበው ጋሽ ተካን ነበር። ያንን ሁሉ ነውር አንድ ሰው ላይ ሊጭኑ ሲፈልጉ ሁለታችንን አስተያይተው፣ ይችላል ብለው የጠሩት እኔን አይደለም፣ ሐሩንን ነው።